ሐመሩ ሐ

ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጠመኔው ግን አልወጣም፣
ከጥፍሬ ሥር ተቀብሮ፣ ቢታጠብም አይለቅም።
ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ጥላ ሁሉ ግድግዳ ላይ በሚጣበቅበት፣
ደቻቱን እሻገራለሁ፣ አሸዋው በሚፋጅበት፣
የልጄን ልጅ ኬብሮንን ላመጣት ከትምህርት ቤት።

እስከ ዕረፍት በአማርኛ፣ ከዕረፍት ወዲያ በሶማልኛ፤
ሒሳቡ ያው ሒሳብ ነው፤ አፉ ነው ሁለተኛ።
ሲያስመዘግቧት ጊዜ ተቆጥቼ ነበር እኔ፤
«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ወገኔ!»
ልጄ የኬብሮንን ጫማ እያሰረች፣ ቀና ሳትል፣
«አባዬ፣ ምላስ እግር አይደለም» አለችኝ፤ አበቃ፤ ምን ልበል?

ትናንት ደብተሯን ገለጥኩ፤ ሰባት ሲባዛ በስምንት፤
መልሱ፦ ስልሳ አምስት።
እጄ ኪሴ ገባ፣ ቀይ እስክሪብቶ ፍለጋ፤
ጡረታ መውጣቱን ገና ያልሰማ እጅ፣ ሳይጠሩት የሚተጋ።

«ቆይ አባባ! ሰምቼ ነው የጻፍኩት!
‹ሊሕ ኢዮ ኮንቶን› አለች መምህርት ሁዳን፤ እንደሰማሁት አስቀመጥኩት።
ስድስትና ሃምሳ ማለት ነው፤ በሶማልኛ ስድስት ትቀድማለች፤
ሃምሳ ገና ሒሳብ ሲከፍል፣ እሷ ከባጃጁ ወርዳ ትሮጣለች።»
መምህርቷም ኤክስ አላደረገችም። ከሁለቱ አኃዝ በላይ
ቀስት ሠርታ አዟዟረቻቸው፤ ሳቅ ሆነ ክፍሉ ላይ።

ቆምኩ።
ባጃጅ ጮኸብኝ፤ አልሰማሁም።
ሮብሌ።
ሦስተኛ ክፍል፣ ከመስኮቱ ጥግ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት፤
ያው ስልሳ አምስት፣ ያው ሰባትና ስምንት።
መዳፉን በማስመሪያ ጠርዝ መታሁት፤
አንድ ነገር አጉተመተመ፤ ስድብ መሰለኝ፤ ደገምኩት።
ስድብ አልነበረም። ቁጥር ነበር።
ልኩ መልስ፣ እኔ በማልጠብቀው በር፣
ገብቶ ቆሞ ነበር።

ሌላ ቀን፣ «ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ» ስል፣
እጁን አወጣ፤ ያንኑ እጅ፤ ክፍሉ ሁሉ ዝም ሲል፦
«መዐሊን፣ ሦስቱም አንድ ከሆኑ፣ ሦስት መሆን ለምን አስፈለጋቸው?»
«ዝም ብለህ ጻፍ» አልኩት። እኔስ መች ዐወቅኳቸው!

ኬብሮን ቃሉን ልታስጠናኝ ከድልድዩ ጥላ ሥር አቆመችኝ፣
«ሊህ አይደለም፤ ሊሕ! ከጉሮሮህ!» እያለች አረመችኝ፤
«መነጽርህን በትንፋሽ ስታጸዳ እንደምትለው» አለችኝ።
አወለቅኩት። ተነፈስኩበት።
ሐ...
ጉም ያዘ መስታወቱ።
ሐመሩ ሐ!
ዕድሜ ልኬን በሰሌዳ ላይ ሳሳምራት፣
ዲዳ ናት ብዬ ሳልፋት፣
ድምጿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ኖራለች፤
እዚያው መስኮቱ ጥግ፣ በሮብሌ ጉሮሮ ተቀምጣ፣ ስትጠብቀኝ ነበረች።

ሮብሌ አሁን ታይዋን ገበያ ጨርቅ ይሸጣል አሉ፤
ብሩን በአንዱ አፍ ቆጥሮ በሌላው ያጣራል፤ ሳንቲም አይጠፋም ከውሉ።
ነገ እወርዳለሁ።
ይቅርታ ማለት? እንጃ፤ ምናልባት አልደፍር።
መሐረብ ግን አነሣለሁ። የጠራውን ዋጋ ይጥራ፤
እኔ «ሊሕ ኢዮ ኮንቶን!» ብዬ ልከራከር፣
በራሱ አፍ፣ ሐዋን ሳልውጣት።
ቢስቅ ይሳቅ፤
ቢያርመኝም፣ መዳፌን ዘርግቼ ልማር።